የጆሊን ጥይት

ሮሊ ስቴንዝል የአጋዘን አደን በተከፈተበት ቅዳሜ፣ በራሱ መሬት ላይ፣ አጋዘን ከሚጠብቅበት ማማ ራቅ ብሎ ከዝግባዎቹ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኙት ለምሳ ሳይመጣ ሲቀር ሊጠሩት የወጡት የአደን ጓደኞቹ ናቸው። ጥይቱ በግራ ጎኑ ገብቶ በቀኙ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ረግረጉ ውጦታል። ሬሳውን ተሸክመው ሲወጡ በረዶ መጣል ጀመረ፤ እስኪመሽም አላባራም።

የሸሪፉ ቢሮ መርማሪ ማርሊስ ሂየታላ ወደ አደን ጎጆው ስትገባ ስለ ሟቹ የሚነግራት ሰው አጣች። ከመካከላቸው ስለ አንዷ፣ ስለ ጆሊን ጠመንጃ የሚነግራት ግን ሞልቶ ነበር።

«ይኸውልሽ» አለ ሜርል ባቢንስኪ። የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድምና የጎጆው አንጋፋ ነው። ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ፣ በቋሊማውና በአይብ ሳህኑ መካከል ተጋድሟል። ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ፣ አፈሙዙ ገና አዲስ ነው። «ከቱርክ የመጣ። ከአራት መቶ ዶላር በታች። የእኔ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ብቻውን ከዚህ ይበልጣል።»

«ሮሊን መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«ሁላችንም። ቆይ፣ ካዝናውን ተመልከቺው እስቲ። አሻንጉሊት እኮ ነው።»

«መቀርቀሪያውን ሲስቡት ደግሞ» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው፣ «የአባቴ ጎተራ በር ነው የሚመስለው።»

«የአባትህ በር ይሻላል» አለ ሌላው።

ማርሊስ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛውን መታች። «ሮሊ በሕይወት ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?»

እንደ ተማሪ እርስ በርስ ተያዩ። ከጎጆው ሲወጡ ገና ጨለማ ነበር፤ እያንዳንዱ ወደየማማው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሜርል በለሆሳስ ቀጠለ፦ ከጎጆው ሰዎች ጠዋት የተኮሰችው ጆሊን ብቻ ናት። አጋዘኑን ሳተችው። የሮሊ ማማ ከእሷ ማማ ፊት ለፊት ነው። የቀረውን መርማሪዋ ራሷ ትጨምረው።

«ልጅቷን አልወቅስም» አለ። «ጀማሪ ናት። በእንዲህ ያለ ዕቃ ማንም ይስታል። ጥፋቱ የሸጠላት ነው።»

ልጅቷ ያላት ጆሊን ፕሩሳ አርባ ዓመት አልፏታል፤ አይብ ፋብሪካ ውስጥ ታሽጋለች። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። የሸሚዟ ጫፍ ከኋላ በመቀስ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ጨርቅ ከበሩ በላይ ከሌሎቹ ጋር በምስማር ተመትቷል። አጋዘን የሳተ ሰው ጎጆው ውስጥ የሚደረግበት ይኸው ነው። ምሳ ላይ እየሳቁ ቆረጡላት፤ ሮሊ ያን ጊዜ ሞቶ ነበር።

ማርሊስ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻትና ማሞቂያውን ከፈተችላት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ጆሊን።

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ስንት ጊዜ ተኮስሽ?»

«አንድ ጊዜ።»

«በምን ላይ?»

«ትልቅ ወንድ አጋዘን ነበር። ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ትከሻው ላይ አነጣጠርኩና ሮሊ እንዳሳየኝ ትንፋሼን ለቅቄ ምላጩን ሳብኩ። ወገቡን ጎበጥ አድርጎ ወደ ዝግባዎቹ ሮጠ። በሬዲዮ ተናገርኩ። ሜርል ከማማሽ እንዳትወርጂ፣ ደሙን እኔ ልፈልግ አለኝ። ቆይቶ መጣና አንዲት ጠብታ፣ አንዲት ፀጉር እንኳ የለም፣ ስተሽዋል አለኝ።»

«ሌላ ተኩስ ሰማሽ?»

«የመክፈቻ ቀን ነው እኮ። ከየአቅጣጫው እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባቴ ከሞተ በኋላ እዚህ ጎጆ ያስገባኝ ሮሊ ነው። ሌሎቹ አልፈለጉም ነበር። ጠመንጃውንም አብረን ነው የመረጥነው። ሁሉም ሲስቅብኝ እሱ አልሳቀም። እና እሱን… የት ነው የምፈርምልዎት?»

«ምንም አትፈርሚም» አለች ማርሊስ። የተናደደችው በጆሊን እንዳልሆነ ልትነግራት አሰበችና ተወችው። በማን እንደተናደደች እሷም ገና አላወቀችም።

በማግስቱ ዐቃቤ ሕጉ ስልክ ደወለ። እሁድ ነበር፤ ከስልኩ ውስጥ የእግር ኳስ ጨዋታ ጩኸት ይሰማል።

«ሰኞ ከሰዓት ትምጣና ትፈርም። በቸልተኝነት ሰው መግደል። ራሷ አምናለች፤ አንቺን ምን ያስለፋሻል?»

«ጥይቱ አልተገኘም።»

«ረግረግ ውስጥ ገብቷል። ጸደይ ድረስ ልትጠብቂው ነው? በዚያ ላይ እነዚያ ጠመንጃዎች ሳይነኳቸው ይተኩሳሉ ይባላል። አማቼ እንደነገረኝ…»

ማርሊስ ስልኩን ዘጋችበት። መስመሩ ተቋረጠ ትለዋለች።

አንድ ጥያቄ አላስተኛትም። ሮሊ ለምን ከማማው ወረደ? በመክፈቻ ቀን ጠዋት፣ አጋዘን በሚንቀሳቀስበት ሰዓት፣ ያን ያህል ዘመን ያደነ ሰው ያለ ምክንያት አይወርድም። የጎጆው ሰዎች ሽንቱን ሊሸና ይሆናል ብለዋታል። ማማው ላይ ለዚሁ ጉዳይ ያስቀመጠውን ጠርሙስ ግን ራሷ አይታዋለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ጎረቤቱን ነው። ቨርን ፖኮርኒ ከሮሊ ጋር በድንበር አጥር ሲካሰስ ኖሯል፤ መጠጥ ቤት ውስጥም «አንድ ቀን ያገኛታል» ብሎ ዝቷል። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ከግቢው እንዳልነበረ ሁለት ሰዎች ነግረዋታል። እሱ ግን መሬቴ ላይ እያደንኩ ነበር ብሏል።

«መኪናዎ የት ነበር?» አለችው፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ።

«መኪና? ቆሞ ነበር።»

«የት?»

«በቆመበት።»

«ቨርን፣ ሰው ሞቷል። ከሟቹ ጋር ሲጣሉ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ትናንት የት እንደነበሩ ካልነገሩኝ አሁን ካፖርትዎን ይለብሳሉ።»

ሽማግሌው ፊቱ ቀላ። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «ለሰው አትነግሪም?»

«ለማን ነው የምነግረው?»

ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ የቁም ሳጥን በር ሲንኳኳ ተሰማ። ረጅም ካርቶን ታቅፎ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ትንሽ ብቻ ገለጥ አደረገው፤ ሰው የሚያየው ይመስል። ጥቁር የፕላስቲክ ሰደፍ። አዲስ አፈሙዝ።

«የድሮው ጠመንጃዬ መቀርቀሪያ ዋዜማውን ተሰበረብኝ። የግሌን ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ገና ሲከፈት ደርሼ እስከ ምሳ ሳገላብጠው ዋልኩ። ግሌንን ጠይቂው። መኪናዬንም ከሱቁ ጀርባ ነው ያቆምኳት። ይህንኑ የጆሊንን ዓይነት ጠመንጃ በጋውን ሙሉ ስሰድበው ከርሜ… ቢያዩኝ መሳቂያ ያደርጉኛል።»

«ስለዚህ በሰው ግድያ ቢጠረጠሩ ይሻላል?»

«እሱ ያልፋል።» ሽማግሌው ሰደፉን በጣቱ ነካ አደረገው። «ግን ታውቂያለሽ፣ ምላጩ ከጠበቅሁት በላይ…»

«ቨርን፣ ስለ ጠመንጃ አንድ ቃል ቢጨምሩ አስርዎታለሁ።»

የግሌን ሱቅ ስትደርስ ሰውዬው እየሳቀ የቨርንን ቃል አረጋገጠላት። የቀራት እንግዲህ ሁሉም የሚያወራው ነገር ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ራሱ ተኩሶ ይሆን? የጆሊንን ጠመንጃ ከመኪናዋ አምጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ሁለት ነገር ነው የምፈልገው» አለችው። «አንደኛ፣ ምላጩ ሳይነካ ይተኩሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ይመታል ወይ? ሌላ አስተያየት አልፈልግም።»

«አንድ ብቻ ልጨምር?»

«አትጨምር።»

ከሱቁ ጀርባ ያለው የድሮ ጠጠር ማውጫ የከተማው ሰው ኢላማ የሚለማመድበት ነው። ግሌን ባዶውን ጠመንጃ አቀባበለና በላስቲክ መዶሻ ደበደበው፤ ሰደፉን ወደ ታች አድርጎ እንጨት ላይ ጣለው፤ የደህንነት ቁልፉን ከፍቶም ዘግቶም ሞከረው። መምቻው አልተለቀቀም። ከዚያ ማርሊስ በደረቷ ተኛችና ከጆሊን ጥይቶች ሦስቱን ተኮሰች።

መቀርቀሪያው በእርግጥ ያስቸግራል። አዲስ ስለሆነ ይሻክራል፤ ካልገፉት አይዘጋም። ካዝናው ሲነኩት ይነቃነቃል። ሰደፉ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ባዶ ጣሳ የተደገፉ ያህል ነው። የሚያስጠላ ጠመንጃ ነው ብላ አሰበች።

ሄደው ወረቀቱን አዩት። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተዋል። አንድ ሳንቲም ቢደረግባቸው ይሸፍናቸው ነበር።

«አሁን ልናገር?» አለ ግሌን።

«ተናገር።»

«አፈሙዙ ምርጥ ነው። ገንዘቡን እዚያ ላይ አውለው ሌላውን ተዉት። ሮሊ እዚህ ቆሞ መነጽሩን ራሱ አስተካከለላት፤ ስትተኩስም አይቻታለሁ። ከብዙዎቹ ትሻላለች። ሰዎቹ ግን ዋጋውን ካዩ በኋላ ሌላውን አያዩም።»

ማርሊስ ወረቀቱን ይዛ በብርዱ ቆመች። ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚህ ጠመንጃ ስትሰማ ጆሮዋን ዘግታ ነበር። መስማት እንደነበረባት አሁን ገባት። ጠመንጃው የማይረባ ከሆነ፣ ጆሊን አጋዘን ስታ ሰው መምታቷ መጥፎ ዕድል ነው። ጠመንጃው ይህን የሚመታ ከሆነ ግን፣ ሴትዮዋም መተኮስ የምትችል ከሆነ፣ እንዴት ነው የሳተችው? «ወገቡን ጎበጥ አድርጎ ሮጠ» ብላታለች። ማርሊስ ከልጅነቷ ጀምሮ አድናለች። የሳቱት አጋዘን ጭራውን ሰቅሎ ይዘልላል። የሚጎብጠው የተመታው ነው።

«ደደብ» አለች።

«እኔን ነው?» አለ ግሌን።

«አይ፣ ራሴን።»

ሰኞ ማለዳ ሉሲል ታርቮ የቆሰለ አጋዘን የምትፈልግ ውሻዋን ይዛ መጣች። ፒክል አጭር እግር፣ ረጅም ወገብና ሽማግሌ ፊት ያላት ውሻ ናት። በረዶው ሆዷን ይነካታል።

«ብዙ ቆይቷል፤ በረዶም ለብሶበታል» አለች ሉሲል። «ደግሞ ፒክል ለፖሊስ አትሠራም። ለጉበት ነው የምትሠራው። ካላገኘች በኔ እንዳትጮሂ።»

«በማንም አልጮህም።»

«ፊትሽ እየጮኸ ነው።»

ጆሊን አጋዘኑ ቆሞበት ነበር ካለችው ሜዳ ጀመሩ። ውሻዋ በረዶው ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ዞረች፤ ቆመች፤ ተመለሰች፤ ድንገት ማሰሪያዋን ወጥራ ወደ ዝግባዎቹ ሳበቻቸው። ከመጀመሪያዎቹ ዛፎች አንዱ ጋ ሉሲል ጎንበስ አለች። በረዶው ያልደረሰበት የግንዱ ጎን ላይ፣ ጉልበት ከፍታ አካባቢ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል የደረቀ ደም ተለጥፏል። ቀጣዩም ዛፍ ላይ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም።

«ይህን የለም ያለው ማነው?» አለች ሉሲል። «ዕውር ነው?»

ማርሊስ ውሻዋን ተከተለች።

ፒክል የፖሊስ ጥብጣብ በተወጠረበት ቦታ፣ ሮሊ በወደቀበት አጠገብ፣ ዞር ብላ ሳታይ አለፈች። ደሙ የሚሄደው በዚያ ነው። ሮሊ ከማማው ለምን እንደወረደ ለማርሊስ እዚያ ላይ ገባት። የጆሊን አጋዘን ቆስሎ በሥሩ ሲያልፍ አየው። ለጀማሪ ጓደኛው ሊደርስላት ወርዶ፣ ዝቅ ባሉት ቅርንጫፎች ሥር እየዳኸ ደሙን ሲከተል ነበር።

ውሻዋ ጥቂት ወደ ረግረጉ ገብታ ቆመችና ጮኸች። ከበረዶው በላይ የቀንድ ጫፍ ይታያል።

አብረው ጠረጉት፤ ሉሲል በቢላዋ ከፈተችው። ጥይቱ ትከሻውን ሰብሮ ገብቶ፣ በወዲያኛው በኩል ከቆዳው ሥር ቀርቷል። ጆሊን አንድ ጊዜ ነው የተኮሰችው። ያቺ አንድ ጥይት እነሆ።

«ደህና አድርጋ ነው የመታችው» አለች ሉሲል።

ሜርል ባቢንስኪ ቤቱ አጠገብ ባለው ጋራዥ ውስጥ የማስተማሪያ ወንበሮቹን እያጣጠፈ ነበር። በአካባቢው ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ የአደን ደህንነት ትምህርቱን የወሰደው እዚህ ነው፤ ማርሊስም እዚሁ ነው የወሰደችው። አዳኞች ከሩቅ እንዲታዩ የሚለብሷቸው ብርቱካናማ ሰደርያዎች ግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅለዋል።

«ግቢ ልጄ። ጆሊን ፈረመች?»

«ገና። ሜርል፣ ቅዳሜ ደም ፈልገው አጡ?»

«አንዲት ጠብታ የለም። ምን ትጠብቂያለሽ በዚያ ጠመንጃ? አንድ ቀን ሰው መግደሉ አይቀርም ብዬ ነበር።»

«ጠመንጃው የታዘዘውን ነው የመታው። አጋዘኑን ዛሬ ጠዋት አገኘነው። ደሙ ሦስት ዛፍ ላይ አለ።»

እጁ ወንበሩ ላይ ቀረ። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ባለፈው መስከረም ቨርን ያቆሰለውን ድብ በዝናብ ውስጥ ተከትለው ያገኙት እርስዎ ነዎት። ሲያወሩት ከርመዋል።»

ሜርል ወንበሩን ዘረጋውና ተቀመጠበት። ማርሊስ እንደቆመች ጠበቀች። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ዝም እንዲልላት ስትመኝ ነበር፤ ይህን ዝምታ ግን መቻል ከበዳት።

«ቡናማ ነገር ነው ያየሁት» አለ በመጨረሻ። «ቅርንጫፍ ሥር። ሲንቀሳቀስ። ደሙ ትኩስ ነበር፣ አጋዘኑ ነው አልኩ። ብርቱካናማ ካፖርቱ ቅጠል ውስጥ ገብቷል፤ ሱሪው ብቻ ነው የታየኝ።»

«ምን እንደሆነ በደንብ ሳታዩ አትተኩሱ። ለስንት ልጆች አስተማሩት?»

«ለሁሉም።»

«እሺ፣ ተኮሱ። ከዚያስ?»

«ሮጥኩ። ስደርስ ያየኝ ይመስለኛል። ወዲያው ነው የሄደው።» ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ለአይሪን ምን ብዬ ልንገራት? እህቴ ናት። ባሏን እኔ… ልጅቷ ደግሞ እንደሆነች ተኩሳለች። ጀማሪ ናት፣ ጠመንጃው ርካሽ ነው፣ ሰው ይቅር ይላታል። ለእኔ ግን ማን ይቅር ይላል?»

«መሬቱ ላይ ያለውን ደም በጫማዎ በተኑት። ከዚያ ማማዋ ሥር ቆመው ስተሽዋል አሏት።»

«አዎ።»

«ከዚያም ምሳ በሉ።»

«አልበላሁም» አለ፣ ይህ አንድ ነገር የሚያቃልልለት ይመስል።

ማርሊስ ስትጠብቀው የነበረው ቁጣ አልመጣም። ሬዲዮዋን አውጥታ ሰው እንዲልኩላት ነገረች፤ ከዚያም እስኪደርሱ ድረስ የቀሩትን ወንበሮች ማጣጠፍ ጀመረች፤ እጇ ሥራ ስላጣ ነው።

ጆሊን ቤት ስትደርስ ሴትዮዋ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ለፊርማው እንደሚወስዷት አውቃ ተዘጋጅታለች።

ማርሊስ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አጋዘኑን፣ ደሙን፣ ሜርልን። ጆሊን አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ዚፑን ከፈተች፤ ዘጋች።

«እኔ ነኝ ማለቱን ለምጄው ነበር» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር፣ ዳኛው ፊት እንዳልንተባተብ።»

«አሁን አያስፈልግሽም።»

«አይሪን ሰምታለች?»

«ከዚህ ወደ እሷ ነው የምሄደው።»

«ልምጣ» አለች ጆሊን ተነስታ። «ብቻሽን አትሂጂ። እንዲህ ፊትሽን አጥቁረሽ ከገባሽ ሴትዮዋ ሳትናገሪ ነው የምትወድቀው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለቻት። ማርሊስ የመኪናውን በር ከፈተችላት።

አይሪን ስቴንዝል በሩን ራሷ ከፈተች። የጎረቤት ሰው ያመጣላት የምግብ ድስቶች ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይከፈቱ ተደርድረዋል። ጆሊን ከደጃፉ አላለፈችም። ከንፈሯ ብዙ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ቃሉ የወጣው።

«አይሪን፣ እኔ አይደለሁም።»

አሮጊቷ አየቻት። ከዚያ ማርሊስን አየች፤ ማርሊስ በጭንቅላቷ አዎ አለቻት። አይሪን ጆሊንን በካፖርቷ እጅጌ ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት፤ ፀጉሯ ላይ ያለውን በረዶ እንደ ልጅ አራገፈችላት።

«ሮሊ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ይነግረኝ ነበር» አለች። «በደንብ ነው የምትተኩሰው፣ እጇ አይንቀጠቀጥም ይለኝ ነበር። እኔም ይህን ስል ሰነበትኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ቁጭ በይ። ሁለታችሁም ቁጭ በሉ።» ቀና ብላ መርማሪዋን አየች። «ታዲያ ማነው? ቆይ፣ አሁን አትንገሪኝ። መጀመሪያ ወንድሜን ልጥራው። ከሱ ጋር ሆኜ ልስማው።»

የግድግዳውን ስልክ ለማንሳት እጇን ዘረጋች። ማርሊስ መሐል ገብታ እጇን ስልኩ ላይ አኖረች፤ እጇንም ከዚያ አላነሳችም።

አይሪን መጀመሪያ የማርሊስን እጅ፣ ቀጥሎ የጆሊንን ፊት አየች። ከዚያ በቀስታ ወንበር ሳበች።